አድርሰናል እንጂ በልተዋል ወይ?



በበዓል ቀን ከቤት ለማይወጡ አረጋውያን ድፎ ዳቦና ቆሎ ማድረስ የቆየ ልማዳችን ነው። ካለፈው ፋሲካ በኋላ ግን ከአልጋ የማይነሡ አንዲት እናት ዘንድ በሳምንቱ ተመልሰን ብንሄድ፥ ቆሎው እንደ ታሰረ፥ ዳቦውም ደርቆ አገኘነው። እማማ ጥርስ እንደሌላቸው ከመካከላችን ያስተዋለ አልነበረም። «ልጆቼ፥ ቅር እንዳይላችሁ ብዬ ነው ዝም ያልሁት» አሉን። እጅግ አፈርን። የሰጠነውን ቈጠርን እንጂ የበሉትን አልጠየቅንም ነበር።

እንግዲህ አረጋውያንን የሚጎዳቸው የምግብ እጦት ብቻ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ጥርስ ይረግፋል፤ ጣዕምና ሽታ የመለየት ኃይል ይቀንሳል፤ የጥም ስሜትም ስለሚደክም ሰውነት ውሃ ሲያንሰው አይታወቅም። ጡንቻም ስለሚመነምን ከወጣት የበለጠ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል፤ ይኸውም ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ያህል ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ50 እስከ 60 ግራም ይሆናል ማለት ነው። የኩላሊት ሕመም ላለበት ግን ልኩን የሚወስነው ሐኪም ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ለማኘክ የማያስቸግር ምግብ እንውሰድ፤ ሽሮ፥ የምስር ክክ ወጥ፥ አጥሚት፥ በፍስክም ወተትና እንቁላል። ሽሮና ምስር በጾም ጊዜ ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ቪታሚን ቢ12 ግን በአትክልትና በእህል ውስጥ አይገኝም። ደካማና ሕመምተኛ ስለ ጾሙ የሚመክረው ከነፍስ አባቱ ጋር ነውና፥ እኛ «ይብሉ፥ አይብሉ» ሳንል ካህኑ እንዲጎበኟቸው እንንገር።

2ኛ/ ውሃ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ አስቀምጠንላቸው እንሂድ።

3ኛ/ ልብሳቸው ከሰፋቸው፥ ቀለበታቸውም ከጣታቸው እየወለቀ ካስቸገረ ከስተዋልና ለቤተ ሰብ ወይም ለጤና ጣቢያ እናሳውቅ።

4ኛ/ ከሁሉ በላይ አብረን እንብላ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚባለው ለስስታም ነው፤ እነዚህ አባቶችና እናቶች ግን ብቻቸውን የሚበሉት ሰው አጥተው ነው። ብቻውን ለሚውል ሰው ደግሞ ምግብ አይጥመውም።

ባለፈው እሑድ ሽሮ በምሳ ዕቃ ይዘን ወደ እማማ ሄድን። እንጀራውን በሽሮ አርሰን አብረናቸው በላን። ሲጨርሱም እያንዳንዳችንን አጎረሱን። በሚቀጥለው እሑድ ተራው የማን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።