ሁሉም መከረው፤ ማን ጠየቀው?

ደብዳቤው ከመንዝ፣ ከሞላሌ የመጣው ከደብተር በተቀደደ ሉክ ላይ፣ በፊትም በጀርባም ተጽፎ ነው። እጅ ጽሑፉ የተማሪ ነው፤ ቃሉ ግን የአንዲት እናት ለመሆኑ የመጀመሪያው መስመር ይናገራል።

«ለምክር አምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 18 ዓመቱ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ከመጣ ወዲህ ልጄ ልጄን አልመሰለኝም። ባናውን ተከናንቦ ይውላል፤ ተኝቶ ነው እንዳልል ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ እሰማዋለሁ። እህል አይቀምስም። በጎቹን አሰማራ ሲሉት ይቆጣል፤ ታናናሾቹን ይመታል፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ራሴን አመመኝ ከማለት ሌላ ነገር ከአፉ አይወጣም። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ወስጄው ሁለት ሱባኤ ተጠመቀ፤ እዚያ ሳለ ደህና ነበር፤ ቤት ሲገባ ያው ሆነ። አሁን ደግሞ ደብረ ብርሃን የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ውሰጂው ይሉኛል። ምክር ከሆነማ አጎቱ መክሮታል፤ የንስሐ አባታችን መክረውታል፤ መምህሩ መክሮታል፤ እኔም ሌት ተቀን እመክረዋለሁ። የማያውቀው ሰው ከእኛ የተሻለ ምን ይመክረዋል? ጎረቤትስ ሲጠይቀኝ ልጄን የት ወሰድኩት እላለሁ?»

ከዚህ በታች፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል አንድ ነገር ተጨምሯል፦ «እኔስ ብሆን አባቱ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የት አውቃለሁ።»

እናቲቱ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል። ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛ ምክር ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ይመክራል፣ ወጣት ይሰማል። «በርታ፣ ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ፣ የሰው ልጅ ስንት ችሎ ያድራል» ይባልና ይሸኛል። የሥነ ልቦና ባለሙያውም «አማካሪ» ስለተባለ፣ ይኸው ምክር በነጭ ጋውን የሚደገም ይመስላል። በሙያው የሠለጠነ አማካሪ ግን ከሰዓቱ አብዛኛውን የሚያሳልፈው በመጠየቅና በመስማት ነው። ልጁን አራት ሰው መክሮታል። ከአራቱ አንዱ እንኳ ስለ መጠየቁ ደብዳቤው አይናገርም።

ታዲያ አማካሪው ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል?

እናትና ልጅ መጀመሪያ አብረው ይገባሉ። አማካሪው ወደ ልጁ ዞሮ፣ እናቱም እየሰሙ፣ አንድ ነገር በግልጽ ያስቀምጣል፦ እዚህ የሚነገረው እዚህ ይቀራል፤ ከክፍሉ የሚወጣው የልጁ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ነው። ከዚያ እናቲቱ ውጭ ወንበር ላይ እንዲጠብቁ ይጠየቃሉ። ለአንዳንድ ወላጅ ይህ ይከብዳል፤ «ከእናቱ የሚደበቅ ምን አለ?» የሚል ብዙ ነው። ነገር ግን እናቱን ማሳዘን የሚፈራ ልጅ እናቱ ፊት እውነቱን አይናገርም። ዝም የሚለው ስለማይወዳቸው ሳይሆን ስለሚሳሳላቸው ነው።

ልጁ ብቻውን ሲቀር ብዙ ጊዜ ዝምታ ይሆናል። ጥሩ አማካሪ ዝምታውን አይፈራውም። «ለምን ትተኛለህ?» ብሎም አይጀምርም፤ «ለምን» የሚለው ቃል የዳኛ ጥያቄ ይመስላል፣ ልጁም ወዲያው መከላከል ይጀምራል። ይልቁንስ «ትናንት እንዴት ዋልክ? ከነጋ ጀምረህ ንገረኝ» ይለዋል። ወይም ከራስ ምታቱ ይነሳል፦ የት ጋ ነው የሚያምህ? ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ? ሲያምህ ምን እያሰብክ ነበር? ራስ ምታቱ የውሸት አይደለም። በአገራችን ጭንቀትና ድባቴ ብዙውን ጊዜ ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በራስ ምታት፣ በልብ ምት፣ «ውስጤን ያቃጥለኛል» በሚል ስሞታ ነው። ማስታገሻ ክኒን ተሰጥቶት ወደ ቤቱ የሚመለስም ሞልቷል። አማካሪው ስሞታውን እንደ በር ይጠቀምበታል፤ በሩን አልፎ ይገባል።

የልጁ ቁጣም ሊታወቅ ይገባል። አዋቂ ሲከፋው ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ይፈዛል። በጉርምስና ዕድሜ ያለ ልጅ ግን ድባቴው በንዴትና በጠብ ሊወጣ ይችላል፤ ባለሙያዎችም ሲመረምሩ ከመለያ ምልክቶቹ አንዱ አድርገው ይይዙታል። ታናናሾቹን የሚመታውን ልጅ መንደሩ «ጠባዩ ተበላሸ» ይለዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራና ጨዋታ አብረው ሲበላሹ ግን ነገሩ ከጠባይ አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ አብዛኞቹም ሳይታወቁና ሳይታከሙ ይቀራሉ።

ይህ አምድ ለሞላሌዋ እናት ሳይነግራቸው የማያልፈው አንድ ጥያቄ አለ። አማካሪው ልጁን «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ ይጠይቀዋል። ወላጆች «ያላሰበውን ያሳስበዋል» ብለው ይሰጋሉ። በጥናት የታየው ግን ሌላ ነው፤ በርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፣ እንዲያውም ለብቻው የተሸከመውን ያቀልለታል። እናቲቱም ዛሬ ማታ ሊጠይቁት ይችላሉ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይኬዳል፣ ልጁም ብቻውን አይተውም። «አይ» ቢልም፣ በቤት ያለ የጦር መሣሪያና የሰብል ተባይ መድኃኒት ከእጁ ርቆ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ወደ ፈተናው እንመለስ፤ ደብዳቤው ከዚያ ነው የሚነሳው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ ከመቶ ሦስት ገደማ። በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ እንኳ ከመቶ ዘጠኝ አልሞላም። ይህ ልጅ ለብቻው አልወደቀም። የዕድሜ እኩዮቹ ደግሞ ትምህርታቸውን በሰላም አልተማሩም፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሞላሌንና መዘዞን ሲነካ እርሱ 14 ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ ያየውን ማንም ጠይቆት ይሆን? ደብዳቤው ስለዚያ አንድ ቃል የለውም።

አማካሪው ግን እነዚህን ቁጥሮች ደርድሮ «አይዞህ» አይልም። ውጤቱን ባየ ቀን ለራሱ ምን እንዳለ ይጠይቀዋል። «ቤተሰቤን አዋረድኩ፤ ከእንግዲህ ምንም አልሆንም» የሚል መልስ ቢመጣ፣ ሁለቱ አብረው ያችን ዐረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፈው እንደ ክስ ይመረምሯታል። ማን ተዋረድኩ አለህ? ጓደኛህ ቢወድቅ እንዲህ ትለው ነበር? አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፋው፣ ሐሳብን እየመረመሩ ስሜትን የማቅለል ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሌላው ዘዴ በእንቅስቃሴ ይጀምራል። ደስታ እስኪመጣ ጠብቆ ከአልጋ መነሳት የማይሆን ነገር ነው፤ መጀመሪያ ይነሳል፣ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። በመንዝ ጠዋት ደግሞ ከባና ውስጥ ለመውጣት ደህናውም ሰው ያመነታል። ስለዚህ ሥራው ትንሽ መሆን አለበት፦ ሦስት በግ ብቻ ይዞ፣ ጤዛው እስኪረግፍ ጠብቆ፣ እስከ ወንዙ ደርሶ መመለስ። መንጋውን በሙሉ ማሰማራት አይጠበቅበትም። ሲመለስ ስሜቱን ከአሥር ስንት እንደሚሰጠው በደብተር ይጽፋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደብተሩ ይታያል። ሁለት የነበረው አራት ሆኖ ከተገኘ፣ ልጁ ራሱ ያየዋል፤ ማንም ሊመክረው አያስፈልግም። እናቲቱ በዚህ ውስጥ ድርሻ አላቸው፦ ሦስቱን በግ ይዞ ሲመለስ «ሌሎቹስ?» አለማለት።

ሁሉም በንግግር ብቻ አይድንም። ድባቴው ከበረታ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወይም ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የሚመስለው ልጅ በቶሎ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጠርዝ። ባላቸውን ያጡት፣ እንቅልፍ ያጡት እናት ስለ ራሳቸው አንድ መስመር ብቻ ጻፉ። አዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ አማካሪ ቤት የሚደርሰው እንዲህ ነው፤ ሌላ ሰው ይዞ። ጥሩ አማካሪ ልጁን ካነጋገረ በኋላ «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ማለቱ አይቀርም። ከእሳቸው ጋር የሚሠራው ሥራ ከልጁ ይለያል። ደብተርና ነጥብ ላይጠይቃቸው ይችላል፤ የባላቸውን ስም ጠርተው፣ አሟሟቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲናገሩ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ለቅሶው ላይ ስንቱን እንግዳ ሲያስተናግዱ፣ ራሳቸው ሳያለቅሱ ቀርተው ይሆናል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቋንቋ ነው፤ ኀዘኑን በሆድ ውስጥ ያኖረዋል። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድን ባር ባር ይላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በመንዝ ብርድ አረቄው ቅርብ ነውና ብዙ ወንዶች ሆዳቸውን በዚያ መንገድ ይገልጡታል፣ በማግሥቱም ሆዱ እንዳባ ይቆያል።

ስለ ጠበሉ እናቲቱ ይጨነቁ ይሆናል፤ ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጉደል እንዳይሆን። አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን ስለ ማክበር ይናገራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት እየተዉ ወደ ጠበል የሚሄዱ ሰዎች በበዙበት ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ልጁ ጻድቃኔ ሳለ ደህና መሆኑም ራሱ ቁም ነገር ነው። እዚያ በጠዋት ይነሳ ነበር፣ ከሰው ጋር ይውል ነበር፣ «ወደቀ» የሚለው አልነበረም። አማካሪው ይህን ሊሰማ ይገባል፤ ይንገሩት።

የቀረው ርቀቱና ወጪው ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም። የዚምባብዌያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም የዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ወጣት ታካሚ ከዓመታት በፊት በራሷ እጅ ሕይወቷን አጣች። ወደ ሆስፒታል ያልመጣችው የአውቶቡስ 15 ዶላር አጥታ እንደነበር ቤተሰቧ ነገሩት። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። አያቶቹ ሕመሙን የሚጠሩት በሐኪም ስም ሳይሆን በሾና ቋንቋ «ሐሳብ ማብዛት» ብለው ነው፤ ሞላሌም ብትሆን «ሐሳብ በላው» ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ፣ 573 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የታየባቸው አያቶቹ ካነጋገሯቸው ከመቶ 14 ገደማ ሲሆኑ፣ በመደበኛው አገልግሎት ከቆዩት ግን ግማሽ ያህሉ ነበሩ።

እንግዲህ የመጀመሪያው መንገድ የግድ ደብረ ብርሃን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው መርሐ ግብር የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድባቴን እንዲለዩና እንዲረዱ ይሠለጥናሉ፤ ኢትዮጵያም ተቀብላ ስትሠራበት ቆይታለች። እናቲቱ በአቅራቢያቸው ባለው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ መኖሩን ይጠይቁ። ከሌለ የሪፈር ወረቀት አጽፈው፣ በመዘዞና በጣርማ በር ወርደው ደብረ ብርሃን ይሂዱ። የከተማው ዩኒቨርሲቲ በአሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓሱ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል አለው። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ምሽት፣ ታናናሾቹ ሲተኙ፣ ምድጃው ዳር «ልጄ፣ ስመክርህ ነው የከረምኩት፤ ዛሬ ልስማህ» ይበሉት። መልስ ባይሰጥ አይቆጡ፤ በማግሥቱም አጠገቡ ይቀመጡ።

የመጨረሻው ጥያቄ የጎረቤት ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ስለነበር፣ የሆስፒታሉ ስም ራሱ የስድብ ቃል እስከ መሆን ደርሷል፤ የእናቲቱ ስጋት ከዚያ የመጣ ነው። የልጁን ነገር ለመንደር የመዘርዘር ግዴታ የለባቸውም። ውሃ ሲቀዱ «ልጁን የት ወሰድሽው?» የሚል ቢመጣ፣ «ራሱን እያመመው ሐኪም ቤት ወሰድኩት» ይበሉ፤ ልጁም ከመጀመሪያው ያለው ይህንኑ ነው።