ዕርዳታ ሲታገድ ሕግ ምን ይላል?

እዚህ አሶሳ የጉባው ህዳሴ ግድብ ወሬ በተነሳ ቁጥር «አሜሪካ ማዕቀብ ጥላብን ነበር» ሲባል እሰማለሁ። ለመሆኑ ነገሩ ማዕቀብ ነበር? በሴፕቴምበር 2020 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዋሽንግተን ከግድቡ ድርድር ጋር አያይዛ ዕርዳታ አገደች፤ መጠኑ እስከ 130 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተዘግቧል። በፌብሩዋሪ 2021 አዲሱ አስተዳደር ዕገዳውን ከግድቡ ጋር አላያይዝም አለ።

ጫና መሆኑ አያከራክርም። ሕገ ወጥ ነው ወይ? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1970 ባወጣው ውሳኔ 2625፣ ማንም አገር ሌላውን በኢኮኖሚ እርምጃ ማስገደድ የለበትም ይላል። ፍርድ ቤት ሲደረስ ግን ነገሩ ይከብዳል። ኒካራጓ አሜሪካን በዕርዳታ ማቋረጥና በንግድ ዕገዳ ከስሳ ነበር። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1986 እነዚህን እርምጃዎች በልማዳዊ ሕግ ጣልቃ ገብነት ናቸው ለማለት አልቻለም፤ የንግድ ዕገዳው ግን ሁለቱ አገሮች በ1956 የፈረሙትን ውል ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ልብ በሉ፤ ኒካራጓን የረዳት የተፈረመ ወረቀት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለአስገዳጅ አገር በቀረጥ መልስ የሚሰጥበት ደንብ አለው። እኛ ያ የገበያ አቅም የለንም። የኛ መሣሪያ የቦንድ ሰነድ ነበር፦ ግድቡ በአብዛኛው በአገር ውስጥ ገንዘብ ስለተሠራ ዕገዳው አላቆመውም፤ በሴፕቴምበር 2025 ተመረቀ።

እንግዲህ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ዜና ስንጽፍ ማዕቀብን፣ የንግድ ዕገዳንና የዕርዳታ መቋረጥን እንለይ። ካደባለቅናቸው አንባቢው የቱ ጋ መብቱ እንደተነካ፣ የቱ ጋ ደግሞ የሰጪው ፈቃድ እንደሆነ በምን ያውቃል?