አንድ መጥበሻ፣ ሁለት ሙቀት፦ ከሮሽቲ እስከ እንቁላል በሥጋ

ከጄኔቫ ወደ ዙሪክ በባቡር የሚጓዝ ሰው ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወደ ጀርመንኛ ተናጋሪው የስዊዘርላንድ ክፍል ይሻገራል። ስዊዛውያን ይህን የቋንቋ ወሰን የሚጠሩት በአንድ የድንች ምግብ ስም፣ «የሮሽቲ ቦይ» እያሉ ነው። ሮሽቲ የተፈቀፈቀ ድንች በመጥበሻ ላይ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ የሚጠበስ ሲሆን፣ ቀድሞ የበርን አካባቢ ገበሬዎች ቁርስ ነበር። ዛሬ በሥጋ ታጅቦ፣ እንቁላልም በላዩ ተደርጎ በመላ አገሪቱ ይቀርባል። (ዙሪክ ለዓለም ያበረከተችው ሌላው ቁርስ፣ ሐኪሙ ማክሲሚልያን ቢርኸር ቤነር እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ለሕሙማኑ ያዘጋጀው የአጃና የፖም ሙስሊ፣ ሥጋም መጥበሻም አይሻም።)

በእኛ ቤት የሮሽቲ አቻው የፍስክ ማለዳ እንቁላል በሥጋ ነው። ሁለቱንም የሚያበስል ሰው አንድ ዓይነት ችግር ይገጥመዋል። ሥጋውና ድንቹ ቀልተው ጠረናቸው እንዲያውድ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋሉ፤ እንቁላሉ ግን 80 ዲግሪ ሳይሞላ ረግቶ ያልቃል። መጥበሻው ደግሞ አንድ ነው።

የመቅላቱ ምስጢር የሚገኘው ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 በገለጸው ኬሚካዊ ሂደት ነው። የፕሮቲን ንጥረ ነገሮችና ስኳሮች በሙቀት ተዋሕደው ቡናማውን ቀለምና የጥብስ ጠረን ይፈጥራሉ። ሂደቱን የሚያደናቅፈው ውኃ ነው። መጥበሻው ላይ ውኃ እስካለ ድረስ የምግቡ ሙቀት ከውኃው መፍያ ነጥብ አያልፍም፤ እሳቱን ብናበዛ እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

የመፍያ ነጥቡ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ በጥንቃቄ ከለኩት መካከል ሁለት የጄኔቫ ሊቃውንት ይገኙበታል። ዣን አንድሬ ደሉክ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተለያዩ ከፍታዎች ላይ ውኃ እያፈላ መዝግቧል፤ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1787 ሞን ብላን ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቶ ውኃ አፍልቷል። ከባሕር ወለል 375 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ጄኔቫ ውኃ የሚፈላው በ99 ዲግሪ ግድም ሲሆን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ በ92 ግድም ነው። ስለዚህ ድንቹ በጄኔቫ ቶሎ ይቀቀላል። ውኃው ተኖ ካለቀ በኋላ ግን ለመጥበሻው ከፍታው እምብዛም ለውጥ አያመጣም።

ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ በአንድ ጊዜ ብንጨምርና 100 ግራም ውኃ ቢያወጣ፣ ያን ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ መፍያው ለማድረስ የሚያስፈልገው 33 ኪሎጁል ነው። ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 226 ኪሎጁል ይጠይቃል፤ ሰባት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ከምድጃው 1,000 ዋት ወደ መጥበሻው ቢገባ፣ አራት ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ሥጋው ሲቀቀል እንጂ ሲጠበስ አይቆይም። ስለዚህ መጥበሻውን አስቀድሞ ማጋል፣ ሥጋውን በወረቀት ማድረቅና በሁለት ዙር መጨመር ይበጃል። የሮሽቲው ድንችም ከነልጣጩ ተቀቅሎ ሌሊቱን በቅዝቃዜ ቢያድር ስታርቹ ይጠነክራል፤ ሲፈቀፈቅም አይላቁጥም።

ቅቤውም የራሱ ውኃ አለው። ያልተነጠረ ቅቤ 16 በመቶ ያህል ውኃ ከመያዙም በላይ በውስጡ ያለው የወተት ተረፈ ፕሮቲን ቶሎ ያርራል። እናቶቻችን ቅቤ የሚያነጥሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ብል አልተሳሳትኩም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ያላችሁ ተመልካቾች ቅመም የሌለበት ንጥር ቅቤ ከሱቅ ታገኛላችሁ፤ በዙሪክ «ብራትቡተር»፣ በጄኔቫ «ቡር አ ሮቲር» ይሉታል።

እንቁላሉ ጋ ስንደርስ ስሌቱ ይገለበጣል። ነጩ ከ62 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይረጋል፤ አስኳሉ ከ65 እስከ 70 ባለው ይጠጥራል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ፕሮቲኑ ተኮማትሮ ውኃውን ይተፋል፤ እንደ ጎማም ይሆናል። መፍትሔው ምድጃውን ማጥፋት ነው። ሁለት ኪሎ የሚመዝን የብረት መጥበሻ ከ180 ወደ 100 ዲግሪ ሲወርድ 74 ኪሎጁል ያህል ይለቃል። ከማቀዝቀዣ የወጡ አራት እንቁላሎችን ለማብሰል የሚያስፈልገው 46 ግድም ነው፤ የቀረው ወደ አየር ቢባክን እንኳ ይበቃል። ቀጭን መጥበሻ ይህን ያህል ሙቀት ስለማይዝ እሳቱን ዝቅ ማድረግ እንጂ ማጥፋት አያዋጣም።

ክዳን መጨመሩ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ቅድም ሥጋውን እንዳይቀላ ያደረገው እንፋሎት አሁን በእንቁላሉ ገጽ ላይ ተመልሶ ውኃ ሲሆን የወሰደውን ሙቀት ሁሉ ይመልሳል፤ የላዩንም ሳይገለብጡ ያበስለዋል።

ከጣዕም በላይ የጤና ጉዳይም አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት ለምግብ ደኅንነት ባወጣቸው አምስት ቁልፍ መመሪያዎች ውስጥ የምግብ ውስጡ 70 ዲግሪ እንዲደርስ ይመክራል። ያልተፈጨ ሥጋ ላይ ተህዋስያኑ በአብዛኛው የሚገኙት ከላዩ ስለሆነ ሲጠበስ ይሞታሉ፤ ሲፈጭ ግን ወደ ውስጥ ይገባሉ። የተፈጨ ሥጋ 70 ሳይደርስ ቡናማ ሊሆን ስለሚችል ቀለሙ አስተማማኝ ምስክር አይደለም። አነስተኛ የምግብ ቴርሞሜትር መግዛት ይሻላል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ደግሞ አስኳሉ እስኪጠጥር ክዳኑን አለማንሳት ነው፤ በሳልሞኔላ የመታመም አደጋው ለእነርሱ ይከፋልና።

በመጨረሻ ስለ ቋንጣ። ስዊዛውያንም የራሳቸው አላቸው፦ በምሥራቁ ግራውቡንደን ካንቶን የበሬ ሥጋ በጨውና በቅመም ታሽቶ በተራራ አየር ይደርቃል፤ ከክብደቱም ግማሽ ያህሉን ያጣል። ቡንድነርፍላይሽ ይባላል፤ የአሳማ ሥጋ ለማይበሉም ሮሽቲው ላይ ከሚደረገው የአሳማ ጮማ ይልቅ ተስማሚ ነው። ውኃው አስቀድሞ ስላለቀ የሚከላከለው ነገር የለም፤ በግል መጥበሻ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቢቆይ ያርራል። ስለዚህ ከድንቹ በኋላ፣ ከእንቁላሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ይጨመራል።