«መመለሻው የት ነው?»
ስለ ትምህርት ድረ ገጽ ቁልፎች

ከቴፒ ተነስቶ በጌጫ በኩል ወደ ማሻ የሚመጣ እንግዳ ጉም መንገዱን ቢሸፍንበት እንኳ አይጠፋም። መንገድ ዳር ያገኘውን ሰው «ማሻ ገና ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ቅርብ ነው» ይባላል። (ቅርብ ማለት ስንት ሰዓት እንደሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።) በድረ ገጽ ላይ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም። የዚያን ሰው ሥራ የሚሠሩት ቁልፎቹ ናቸው።

እኛ አምስት እጩ መምህራን ለአንድ የትምህርት ዓይነት የሚሆን ትንሽ ድረ ገጽ በወረቀት ላይ እንድንነድፍ ተመድበን ነበር። ሥራውን የጀመርነው ቀላል መስሎን ነው። ሆኖም ከመካከላችን አንዷ ከዚህ በፊት በሌላ ገጽ ላይ የደረሰባትን ስትነግረን ዝም አልን። የቤት ሥራዋን በሞባይል ጽፋ ጨርሳ «ላክ» ልትል ስትል አጠገቡ ያለውን «ውጣ» ነካችው። ሁለቱም ቁልፎች በቀለምም በመጠንም አንድ ናቸው። የጻፈችው ሁሉ ጠፋ፤ ዝናብ ስለነበር ኔትዎርኩም ሄደ፤ ሲመለስ የማስረከቢያው ሰዓት አልፏል። ውጤቷ ዜሮ። እሷ ትምህርቱን ታውቀው ነበር እኮ!

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን በሳተላይት ይተላለፍ የነበረውን ትምህርት ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። በቴሌቪዥኑ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ተማሪው ገባውም አልገባው ይቀጥላል። በክፍሉ ያለው መምህር «እስቲ ቆይ» ሊለው አይችልም፤ በሳተላይት የሚተላለፍ ስለሆነ ማቆሚያም መመለሻም አልነበረውም። የድረ ገጽ ትልቁ ጥቅም ይህንኑ ለተማሪው መስጠቱ ነው። ታዲያ መመለሻው ካልታየው ተመልሶ ያው ፕላዝማ መሆኑ አይደለም ወይ?

ብዙ ያከራከረን የቁልፎቹ ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛ አንዱ ቃል ለሁሉም ይሆናል። በአማርኛ ግን «ቀጥል» ብንል ለወንድ ነው፤ «ቀጥዪ» ለሴት ነው፤ «ይቀጥሉ» ደግሞ ለአክብሮት ሲሆን ለ7ኛ ክፍል ልጅ ትንሽ ይከብዳል። ሁለት ቀን ከተከራከርን በኋላ መፍትሔውን ከራሱ ከቋንቋው አገኘነው። «መክፈቻ»፣ «መቁረጫ» እንደምንለው ሁሉ «መላኪያ»፣ «መመለሻ»፣ «መውጫ» ብንል ማንንም አያዝም፣ ማንንም አይለይም። ለ«ቀጥል» ደግሞ «ቀጣይ ትምህርት» አልን። «እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ግን ጨርሶ አስወጣነው፤ ተጭኖ ወዴት እንደሚኬድ አይናገርምና።

ስለ መጠንም የተጠና ነገር አለ። ፖል ፊትስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ እጃችን አንድን ነገር ለመንካት የሚወስድበት ጊዜ ነገሩ ሲርቅና ሲያንስ ይጨምራል። ዛሬ ለአንድሮይድ ስልክ የሚመከረው የቁልፍ ስፋት ወደ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ማለትም የጣት ጫፍ ያህል። ለፊደላችን ደግሞ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ተ» እና «ቸ» የሚለያዩት በአናታቸው ባለች ጭረት ብቻ ስለሆነ ጽሑፉ ሲደቅ ጭረቷ ትጠፋለች።

ቁልፍን በፎቶ መልክ መሥራት ያምራል፤ ግን ፎቶው ዳታ ይበላል፤ ኔትዎርክ ሲደክምም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ጽሑፍ ቀሎ ይመጣል። ማየት ለተሳነው ተማሪም ስልኩ ሊያነብለት የሚችለው ጽሑፉን ነው።

ንድፋችንን የፈተንነው ያለ ኮምፒውተር ነው (መብራትም አልነበረም)። ገጹን በማኒላ ወረቀት ላይ ሥለን ለዶርም ጓደኞቻችን እየሰጠን «የቤት ሥራህን ላክ፤ በጣትህ አሳየኝ» አልናቸው። እኛ ምንም ላንናገር ተስማማን። ይህ ከሁሉ የከበደን ነው፤ አፋችን እየበላን «ኧረ እሱ አይደለም!» ልንል ምንም አልቀረንም። የቤት ሥዕል ያለበትን ቁልፍ አንዱ «የዶርም ምዝገባ ነው» አለን። ሦስቱን አግድም መስመሮች አንዱም ማውጫ ነው ያለን የለም። ስለዚህ ከሥዕሎቹ ሥር «መነሻ ገጽ»፣ «ማውጫ» ብለን ጻፍን። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ቀጣዩን በቀኝ፣ መመለሻውን በግራ አድርገናል። በአረብኛ ገጽ ይህ ይገለበጣል። በላይ በኩል «ትምህርት 3 ከ8» የሚል አለ፤ ተማሪው የት እንደደረሰ ይወቅ ብለን ነው።

በመጀመሪያ 14 ቁልፎች ነበሩን። አሁን 5 ቀርተዋል። «መውጫ» ከ«መላኪያ» ርቆ ወደ ላይኛው ጥግ ሄዷል፤ ያልተላከ መልስ ካለም «መልስህ አልተላከም» ተብሎ ይጠየቃል። እዚህ ላይ «መልስህ» ወይስ «መልስሽ» የሚለው ክርክር እንደገና ተነስቶብናል፤ «ያልተላከ መልስ አለ» ይሻላል የሚሉ ሁለት ናቸው።

ንድፉ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ተለጥፏል፤ እርሳስም በክር ተንጠልጥሏል። የማይገባችሁን ቁልፍ ክበቡልን። እርሳሱን ግን አትውሰዱብን።