ያልታየው ቅንጣት እንዴት ተመዘነ?

አቶም ከኤሌክትሮን፣ ከፕሮቶንና ከኒውትሮን የተገነባ መሆኑን ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በቃሉ ይወጣዋል። ሦስተኛው ቅንጣት መኖሩ በምን ታወቀ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ የሚሰጠው ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ሲሆን፣ የሚያስፈልገን ስሌትም በክፍል ውስጥ ከምንማረው የግጭት ትምህርት አያልፍም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤሌክትሮን በ1897 በጄ. ጄ. ቶምሰን ምርምር ተለይቶ ታወቀ። ኤርነስት ራዘርፎርድ ደግሞ በ1911 የአቶም መጠነ ቁስ ከሞላ ጎደል በሙሉ እጅግ ትንሽ በሆነ ኑክሌየስ ውስጥ የታመቀ መሆኑን አስረዳ፤ በ1919 ያሳተመው የሙከራ ውጤትም ፕሮቶን የኑክሌየስ አካል መሆኑን አመለከተ። ሆኖም ሒሳቡ አልገጠመም። የሂሊየም ኑክሌየስ ሙል የፕሮቶን 2 እጥፍ ሲሆን መጠነ ቁሱ ግን 4 እጥፍ ገደማ ነው። ትርፉ ከየት መጣ? ራዘርፎርድ በ1920 ሙል አልባ ቅንጣት ሊኖር እንደሚችል ገመተ። እንዲህ ያለውን ቅንጣት የኤሌክትሪክ መስክ አቅጣጫ ስለማያስለውጠው ግን ፍለጋው አዳጋች ነበር።

በ1932 መጀመሪያ ኢሬንና ፍሬደሪክ ዦልዮ ኪዩሪ በአልፋ ቅንጣቶች ከተደበደበ ቤሪሊየም የሚወጣው ሙል አልባ ጨረር ከፓራፊን ሰም ፈጣን ፕሮቶኖችን እንደሚያስወጣ ከፓሪስ አስታወቁ፤ ጨረሩንም ጋማ ነው አሉ። በካምብሪጅ የነበረው ጄምስ ቻድዊክ ትርጓሜውን አልተቀበለም። ጋማ ቢሆን ኖሮ 50 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ኢነርጂ ያስፈልገው ነበር፤ ከቤሪሊየም ግን ከ14 ሚሊዮን በላይ ሊገኝ አይችልም።

እንግዲህ ጨረሩ ቅንጣት ነው እንበል። የፕሮቶንን መጠነ ቁስ 1 ብለን፣ የቅንጣቱን መጠነ ቁስ መ፣ ፍጥነቱን ፈ ብለን እንሰይም። ቅንጣቱ የቆመ ኑክሌየስን ፊት ለፊት ሲገጭ የኢነርጂም ሆነ የሞመንተም ድምር አይለወጥም። ስለዚህ የተገጩት የሚያገኙት ፍጥነት፦

ሃይድሮጂን፦ 2 × መ × ፈ ÷ (መ + 1)
ናይትሮጂን፦ 2 × መ × ፈ ÷ (መ + 14)

ቻድዊክ የተጠቀመባቸው ልኬቶች ለሃይድሮጂን በሰከንድ 33,000 ኪሎ ሜትር፣ ለናይትሮጂን 4,700 ኪሎ ሜትር ነበሩ። አንዱን ለሌላው ስናካፍል ያልታወቀው ፈ ይሰረዛል፦

(መ + 14) ÷ (መ + 1) = 33,000 ÷ 4,700

ከዚህ መ 1.16 ገደማ ይሆናል። ማንም ያላየው ቅንጣት በገጫቸው ኑክሌየሶች ፍጥነት ተመዘነ፤ ክብደቱም ከፕሮቶን ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የሂሊየም ሒሳብም 2 ፕሮቶንና 2 ኒውትሮን ተብሎ ተዘጋ። ቻድዊክ በ1935 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዛሬው ልኬት የኒውትሮን መጠነ ቁስ የፕሮቶን 1.0014 እጥፍ ነው።

መልመጃ፦ የናይትሮጂኑ ፍጥነት በ10 በመቶ ቢያንስና ቢበዛ መ ስንት ይሆናል? መልሱ 0.91 እና 1.41 ገደማ ነው። ተማሪው ራሱ አስልቶ ሲደርስበት፣ 1.16 ከ1 ጋር የማይጋጨው ስለምን እንደሆነ ይረዳል።