ከቀን መዝገብ ውስጥ ዓመትን ለይቶ ስለ ማውጣት

የሽያጩን ገቢ በየዓመቱ ለይቶ ማወቅ ለነጋዴ ሁሉ የሚያስፈልግ ጕዳይ ነው። በዛሬው ጊዜ መዝገቡ በኮምፒዩተር ስለሚያዝ፥ ኤክሴል የሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ከሙሉው ቀን ውስጥ ዓመቱን ብቻ ነጥሎ ያወጣል። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚያወጣው ዓመትና ነጋዴው ሒሳቡን የሚዘጋበት ዓመት አንድ አይደሉምና፥ ይህን ሳያስተውሉ መደመር ገቢን ያለ ዓመቱ ማስመዝገብ ይሆናል።

1ኛ/ የቀን አያያዝ። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ቍጥር ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ቍጥሩ 1 ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ እየተጨመረ ጁላይ 8 ቀን 2023 ላይ 45115 ይደርሳል። «ዪር» የተባለው ትእዛዝ፥ ትርጕሙም ዓመት ማለት ነው፥ በላቲን ፊደል ተጽፎ ቀኑ ያለበት ሣጥን በቅንፍ ሲሰጠው 2023 የሚለውን ይመልሳል። አሰላለፉ ካልተለወጠ በቀር እውነተኛ ቀን በሣጥኑ ቀኝ፥ ተራ ጽሑፍ ግን በግራ ይቆማልና፥ አስቀድሞ ይህን መመልከት ይገባል።

2ኛ/ የዓመቱ ልዩነት። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይፈጸማል። ሐምሌ 1 ቀን ጁላይ 8 ቀን ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ አስመጪ ጁላይ 7 ቀን 2023 የ40,000 ብር፥ በማግሥቱ የ60,000 ብር፥ ማርች 20 ቀን 2024 ደግሞ የ100,000 ብር ዕቃ ሸጠ እንበል። በ«ዪር» ብቻ ቢደመር ለ2023 100,000፥ ለ2024 100,000 ብር ይሆናል። በበጀት ዓመት ሲታይ ግን የ2015 ገቢ 40,000፥ የ2016 ገቢ 160,000 ብር ነው። ጠቅላላው ድምር አንድ ስለ ሆነ ስሕተቱ በቀላሉ አይታይም።

3ኛ/ መፍትሔው። በቀኑ ላይ 177 ጨምሮ ዓመቱን ማውጣት፥ ከውጤቱም 8 መቀነስ ነው፤ ይኸውም ዪር(ቀን+177)-8 ማለት ነው። ከጁላይ 8 እስከ ጃንዋሪ 1 ያለው ርቀት ምን ጊዜም 177 ቀን ስለ ሆነ፥ የበጀቱ ዓመት መግቢያ በፈረንጆች ዓመት መግቢያ ላይ ይውላል። ጁላይ 7 ቀን 2023 2015ን፥ ጁላይ 8 ቀን 2023 2016ን ይሰጣል። የውጤቱ ሣጥን በቀን መልክ ተዘጋጅቶ እንደ ሆነ ግን 2016 በሚለው ፈንታ ጁላይ 8 ቀን 1905 ስለሚታይ፥ ሣጥኑን ወደ ቍጥር መልክ መመለስ ነው።

4ኛ/ ማስጠንቀቂያ። የውጭ አገር ሰነድ በፈረንጆች ቀን፥ የአገር ውስጥ ደረሰኝ በኢትዮጵያ ቀን ሊጻፍ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ዓምድ መቀላቀል አይገባም። የካቲት 30 ቀን 2016 ሲባል 30/6/2016 ተብሎ ቢጻፍ፥ ፕሮግራሙ ጁን 30 ቀን 2016 መስሎት ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበለዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ቀን አስቀድሞ ወደ ፈረንጅ መለወጥ፥ ወይም ቀኑን፥ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለይቶ መጻፍ ይሻላል።

ሒሳብ ያዢው መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት የሰኔ 30ንና የሐምሌ 1ን ሽያጭ በእጁ ቢመረምር፥ ሁለቱ በየዓመታቸው ከተገኙ የቀረውንም በእርግጠኝነት ለመደመር ይችላል።