ስምን ማወቅና ተክልን መጠበቅ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ለአዳም ሁለት ሥራ እንደ ተሰጠው እናነባለን፤ አንደኛው ገነትን አልምቶ መጠበቅ፣ ሁለተኛውም ለእንስሳት ስም ማውጣት ነው። ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው የጥበቃው ነገር በቍጥር 15፣ የስም ማውጣቱ ግን ከዚያ በኋላ በቍጥር 19 ይገኛል። በዛሬው ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ ተማሪው የዛፉን ስም አጥንቶ ይፈተናል፤ በግቢው የሚደርቀውን ችግኝ ግን የአትክልተኛው ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ለዚህ ነገር ምሳሌ ይሆነናል። በ1950ዎቹ ዓ. ም. መጀመሪያ የተቋቋመው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር የደረቁ ቅጠሎችንና አበቦችን በየስማቸው ያከማቻል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት የሚዘረዝረውም መጽሐፍ 30 ዓመት ያህል ፈጅቶ በ8 ቅጽ ሲፈጸም፣ 6,000 ያህል ዓይነት ዕፀዋትን መዝግቧል። ይህ ታላቅ የስም ሥራ ነው።

የጥበቃው ሥራ ደግሞ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ በስተሰሜን፣ በኮረብታው ላይ ይታያል። በዚያ ዩኒቨርሲቲውና የከተማው አስተዳደር በ2000ዎቹ ዓ. ም. መጀመሪያ በአንድነት ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል አለ፤ ስፋቱም 705 ሄክታር ነው። ስፍራውን ሸፍኖት የነበረው አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ. ም.፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ማገዶ ላጠራት ከተማ መጥቶ ጠቅሟል፤ ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልምና፣ ማዕከሉ እርሱን እየቀነሰ ጥድን፣ ወይራንና ኮሶን የመሳሰሉትን አገር በቀል ዛፎች ይተካል።

እንዲህ ባለው ሥራ የሚካፈል ተማሪ መጽሐፍ ብቻውን የማይሰጠውን ዕውቀት ያገኛል። ባሕር ዛፍ ሲቈረጥ ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል፤ ጥድ ግን አያቈጠቍጥም። ስለዚህ በአንድ ቀን የተቈረጠውን ጥድ ለመተካት ከዘር ጀምሮ የሰው ዕድሜ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ደግሞም ኮረብታው ሲራቈት የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ፣ ጥፋቱን ከታች በሚኖረው ጎረቤት ላይ እንደሚያወርድ ያስተውላል። የአንዱ ቸልታ የሌላው መከራ መሆኑን በዚህ ይረዳል።

ብዙው የሰሜን አገር ደን ሲመነጠር አገር በቀሉን ዛፍ በአብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ ጠብቀው ያቈዩት አባቶች የዛፉን የሳይንስ ስም አልተማሩም ነበር። ዛሬ ግን ሊቃውንቱ ዘር ፍለጋ ወደዚያው ዐፀድ ይሄዳሉ።

እንግዲህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በግቢው አንድ ችግኝ ይሰጠው። አስቀድማችሁ ስሙን ጠይቁት፤ በዓመቱም ጸድቆ እንደ ሆነ ጠይቁት። ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳልና፣ ማርኩም በእርሱ ይሁን።